የጎንደሩ ፋሲለደስ መዋኛ፦ በጥምቀት ሰሞን ወይስ ጸጥ ባለ ጊዜ ብንሄድ ይሻላል?

የጎንደሬዋ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ጥር ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ወደ ጎንደር ለመጓዝ እየተዘጋጀን ነው። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ጎንደር ነው፤ በልጅነቷ ነጭ ለብሳ፣ ታቦት አጅባ መዋኛው አጠገብ ወዳለው ወደ ቀሃ ወንዝ የወረደችባቸውን የከተራ ቀናት ዛሬም አንሥታ አትጠግብም። ልጆቼ ግን ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉ በመሆናቸው፣ ስለ ቦታው ያላቸው ዕውቀት ወጣቶች ወደ ውኃው ሲዘሉ ከሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች ያለፈ አይደለም።

የተቸገርነው በቀኑ ምርጫ ነው። እናቴ ጥር 10 እና 11 እዚያ ካልዋልኩ መሄዴ ምን ይረባኛል ትላለች። ባለቤቴ በበኩሉ፣ እንደዚያ ያለ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቀን ልጆቹ ከሰው ጀርባ በቀር የሚያዩት ነገር ስለማይኖር፣ በዓሉ አልፎ ከተማው ሲረጋጋ ግንቡንም ዛፎቹንም እያስተዋሉ ቢዞሩ ይሻላል ባይ ነው። እኔ የሁለቱንም ሐሳብ እጋራለሁ፤ ግን የዕረፍት ጊዜያችን አጭር ስለሆነ መምረጥ ግድ ሆኖብኛል።

ቦታውን በቅርብ የምታውቁ ሰዎች፣ መቼ ብንሄድ እንደሚሻል፣ ልጆቹ ከውኃው ሌላ ምን ምን ማየት እንዳለባቸው፣ እንዲሁም ሥርዓቱን ሳናውቅ ነውር እንዳንሠራ ምን መጠንቀቅ እንዳለብን ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ለረጅም ሰዓት መቆም አትችልም። የ14 ዓመቱ ልጄ ደግሞ እንደ ጎንደር ልጆች ዘልዬ እገባለሁ ብሎ ከወዲሁ ወስኗል።

አስጎብኚው

እህታችን፣ በደኅና ያምጣችሁ። በከተማው በአስጎብኚነት የምሠራ ነኝ፤ የእኔ ምክር ከእናትዎም ከባለቤትዎም ሐሳብ ትንሽ ለየት ይላል። ከከተራ አራት ወይም አምስት ቀን ቀደም ብላችሁ ጎንደር ግቡ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፋሲለደስ መዋኛ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ውኃ የሌለበት ደረቅ ገንዳ ነው። ውኃው የሚገባው ለጥምቀት ሲሆን፣ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ እየተመራ ቀናት ፈጅቶ ይሞላል። ጥር ደግሞ ዝናብ የሌለበት፣ ወንዙም የሚመነምንበት ወር በመሆኑ ውኃው በአንድ ሌሊት ገብቶ የሚያድር አይደለም፤ ቦዩ ይጠረጋል፣ ገንዳው ይጸዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ከፍ የሚለው። በዚያ ሰሞን የመጣ ጎብኚ በገንዳው ውስጥ የቆመውን ሕንፃ እግሩ ሙሉ በሙሉ ሳይሸፈን ሊያየው ይችላል፤ በበዓሉ ቀን ደግሞ ያንኑ ሕንፃ ውኃ ከቦት ያገኘዋል። ከበዓሉ በኋላ ብቻ የመጣ ሰው ግን ይህን ለውጥ ሳያይ ይመለሳል፤ በበዓሉ ቀን ብቻ የመጣም እንደዚሁ።

ለልጆቹ ማሳየት የሚገባዎት ብዙ ነገር አለ። ግቢው ከከተማው መሐል ወደ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀሃ አጠገብ የሚገኝ፣ በረጅም የድንጋይ አጥር የተከለለ ቦታ ነው፤ በአጥሩ ላይ ስድስት ማማዎች አሉ። ገንዳው በግምት 50 ሜትር በ30 ሜትር ይሆናል። በውስጡ የቆመው ባለ ፎቅ ግንብ በቅስቶች ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ እርሱ የሚያስገባው አነስተኛ የድንጋይ ድልድይ ነው። ገንዳው ባዶ በሆነበት ጊዜ ከጠርዙ ቆመው ቢመለከቱ የሕንፃው ክብደት በምን ላይ እንዳረፈ በግልጽ ይታያል፤ ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል። ድንጋዮቹ የተያያዙት በኖራ ነው፤ በከተማው መሐል ባለው የነገሥታቱ መኖሪያ፣ በፋሲል ግቢ፣ ያሉት ግንቦች የተሠሩበት ይኸው ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡትና በ1636 ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ዐፄ ፋሲለደስ እንዳሠሩት ሲነገር ኖሯል፤ ሥራውን ከእርሳቸው በኋላ ለነገሡት የሚሰጡ ሊቃውንትም አሉ። ስለ አገልግሎቱም ቢሆን ክርክር አለ፤ አንዳንዶች የነገሥታት መዝናኛ ነበር ሲሉ፣ ሌሎች ከመነሻው ለጥምቀት በዓል የተሠራ ነው ይላሉ። የጎንደር ሕዝብ ግን ጥያቄውን በየዓመቱ ታቦት ይዞ በመውረድ መልሶታል።

አንድ ነገር ግን ልጆቹን በደንብ አቁመው እንዲያስተውሉ ያድርጓቸው። በአጥሩ ዙሪያ ያሉት ዋርካዎች ሥራቸውን በግንቡ ላይ አውርደዋል። ሥሩ መሬት ፍለጋ ሲወርድ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ተከትሎ ሄዷል፤ አንዳንድ ቦታ ኖራው ተራግፎ አልቆ ድንጋዩን ይዞ ያቆየው ሥሩ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ያው ሥር እየወፈረ ድንጋዩን ከመስመሩ ገፍቶ አውጥቶታል። ስለዚህ ዛፉን መቁረጥም መተውም ለቅርስ ጠባቂዎች ከባድ ጉዳይ ነው። ሥሩ ላይ ወጥቶ ፎቶ መነሣት የተለመደ ሆኗል፤ እባካችሁ እናንተ አታድርጉት። በሰው እግር የሚላጠው ቅርፊትና የሚላላው ድንጋይ የሚተካ አይደለም።

ከመዋኛው ግቢ አቅራቢያ ጉልላት ያላት አነስተኛ ግንብ አለች፤ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ናት እየተባለ ይነገራል። ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል። የፋሲል ግቢ መግቢያ ትኬት ለመዋኛውም እንዲያገለግል ሆኖ ሲሸጥ የኖረ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ግቢውን ከጎበኛችሁ ትኬቱን አትጣሉት። ሁለቱም ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድነት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

የሰንበት ተማሪ

አስጎብኚው ወንድማችን ስለ ግንቡ የጻፈው መልካም ነው፤ ቀድማችሁ ግቡ ያለውንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ባለቤትዎ ከሕዝቡ የተነሣ ምንም አይታይም ማለታቸውን እንዲያስቡበት እለምናለሁ። በጥምቀት የሚታየው ዋናው ነገር ሕዝቡ ራሱ ነው። ሕዝብ የሌለበትን ግንብ ማየት መልካም ቢሆንም፣ እናትዎ በልጅነታቸው ያዩትን ለልጅ ልጆቻቸው አያሳይም።

ሥርዓቱን አስቀድመው ለልጆቹ ቢነግሯቸው ግር አይላቸውም። ጥር 10 ከተራ ነው። ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ይወጣሉ፤ ካህናቱ በጥላና በመጎናጸፊያ አክብረው በራሳቸው ተሸክመው፣ ሊቃውንቱ እየዘመሩ፣ የሰንበት ተማሪዎች በየመልካቸው ለብሰው፣ ሕዝቡ በእልልታ እያጀበ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። ከየአቅጣጫው የመጡት ታቦታት በመንገድ ላይ እየተገናኙ ሲሄዱ ሰልፉ እየረዘመ ይመጣል። ከፊት ከፊት ወጣቶች መንገዱን እየጠረጉ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ካለፈ በኋላ ያንኑ ምንጣፍ ጠቅልለው በሩጫ ወደ ፊት ወስደው እንደገና ይዘረጉታል። ይህን የሚያደርጉት ማንም ሳይከፍላቸው፣ ለሳምንታት ተዘጋጅተው ነው። የ14 ዓመት ልጅዎ ከመዝለሉ ይልቅ ይህን ቢመለከት፣ ከተፈቀደለትም አንዱን ጫፍ ይዞ ቢያግዝ፣ የበዓሉ ባለቤት መሆን ምን እንደሆነ በእጁ ይረዳዋል።

ዝማሬውን ቸል አትበሉት። ጎንደር የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በጽናጽልና በከበሮ የሚቀርበው ዝማሬ፣ አገር ናት፤ በዓታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር የሚሰጥበት ደብር እንደመሆኑ፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ደቀ መዛሙርት ለዓመታት እየመጡ ይማሩበታል። መቋሚያው ወደ ምድር ሲወርድና ወደ ላይ ሲነሣ፣ ጽናጽሉ ከከበሮው ጋር ሲገናኝ፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተማሩትና የተፈተኑበት ነው። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አልፎ ውኃውን ይጠብቃል፤ ያሳዝነኛል።

ታቦታቱ በመዋኛው ግንብ ያድራሉ። ሕዝቡም በጸሎትና በዝማሬ አብሮ ያድራል። ሌሊት ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ሲነጋ ጸሎት ተደርሶ፣ አራቱ ወንጌላት ተነበው፣ ውኃው በመስቀል ይባረካል። መዝለል የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቡራኬው ሳይፈጸም ወደ ውኃው መግባት ትልቅ ነውር ነው። ለማይገባውም ሰው ውኃው ስለሚረጭ፣ በረከቱን ለማግኘት መዝለል ግዴታ አይደለም። ልብስ ነጭ ይሁን፤ ለሴቶች ቀሚስና ነጠላ፣ ለወንዶች ኩታ ወይም ጋቢ በቂ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ለእናትዎ አዲስ ጥበብ ማሠራቱን አትርሱ። የጥር ሌሊት በጎንደር ይበርዳል፤ ጋቢ ለሁሉም ያዙ።

ጥር 11 ረፋድ ላይ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው የሚመለሰው። ይህን የምጠቅሰው ለእናትዎ ጉልበት ስል ነው፤ የማግሥቱ ሰልፍ ከዋናው ቀን ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ የሚገኝበት በመሆኑ፣ ልጆቹም አዛውንቶችም በቅርብ ሊያዩ ይችላሉ። ጭፈራውም የሚደምቀው በመልስ ጉዞ ነው። እስክስታው፣ የዱላ ጨዋታው፣ የገጠሩ ወጣት በቡድን ሆኖ የሚያሰማው ዘፈን በየመንገዱ ይታያል። ቀድሞ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ የሚወረውረው በዚሁ ሰሞን ነበር፤ አሁን በከተማው እምብዛም ቢሆንም፣ እናትዎ ስለዚህ የሚነግሩት ታሪክ እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ሐኪም ከጎንደር

ከላይ የተጻፈውን በሙሉ እየደገፍሁ፣ ስለ ደኅንነት ጥቂት መጨመር ግዴታዬ ይመስለኛል፤ ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ መምጣት የለበትምና።

በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት በዚሁ መዋኛ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተጎድተዋል። የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ከተማው በደስታ ላይ ሳለ የደረሰ ኀዘን ነበር። ከዚህ የተነሣ ለማንም የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ሰው ከልክ በላይ በተሰበሰበበት በማንኛውም መወጣጫ ላይ አትቀመጡ፤ የተሻለ ይታያል ብሎ የሚጋብዛችሁ ዘመድ ቢሆንም እንኳ። መሬት ላይ ቆሞ ጥቂት ማየት ይበቃል።

ስለ ልጅዎ መዝለል፦ የጎንደር ልጆች ሲዘሉ በቪዲዮ ቀላል ይመስላል። ገንዳው ግን ጠርዙም ወለሉም ድንጋይ ነው፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ውኃ ነው፤ አንዱ ገና ከውኃው ሳይወጣ ሌላው በላዩ ይመጣል። በየዓመቱ ወደ ሕክምና የሚመጡት ብዙዎቹ ዋና የማያውቁ ሳይሆኑ፣ ሌላ ሰው የወደቀባቸው ወይም ከጠርዙ የተጋጩ ናቸው። ዋና በደንብ የሚችል ከሆነና እርስዎም ከፈቀዱ፣ የመጀመሪያው ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ከዝቅተኛው ጠርዝ፣ በእግሩ በኩል፣ ዘመድ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ቆሞ ይግባ። ከአጥሩም ከዛፉም ላይ እንዳይዘል ከአሁኑ ቃል ያስገቡት። ውኃው የወንዝ ውኃ ስለሆነ እንዳይጠጣው፣ የቆሰለ አካል ካለውም እንዳይገባ ይንገሩት፤ ቀሃ ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ ወንዝ ነውና፣ ስንወደው የኖርነውን ያህል ንጽሕናውን አልጠበቅንለትም። ጥር 11 ቀን ብቻ የሚታወስ ወንዝ መሆን አልነበረበትም፤ ከበዓሉ በፊት ለጽዳት የሚወጣው ወጣት ዓመቱን ሙሉ ደጋፊ ቢያገኝ ምኞቴ ነው።

የጎንደሬዋ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሳችሁን ለቤተሰቡ አንብቤዋለሁ። ባለቤቴ ቀድሞ መግባቱን ተቀብሏል፤ ስለዚህ ጥር 5 ጎንደር እንገባለን። ልጄም ቅር እያለው ቢሆንም ከአጥር ላይ ላለመዝለል ቃል ገብቷል፤ የምንጣፉ ነገር ግን ከጠበቅሁት በላይ ስቦታል።

ለእናቴ የሚካኤል ታቦት በማግሥቱ እንደሚመለስ የተጻፈውን ሳነብላት፣ እኔ ድሮም የማጅበው እርሱን ነበር ብላ ብዙ ነገር አወራችን። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥር 11 ንጋት ላይ እርሷን የት ባስቀምጣት ይሻላል? ሌሊቱን እዚያ አድራለሁ ስትል ልከልክላት ወይስ ልተዋት? ደግሞስ ባዶ ገንዳውን ለማየት ስንሄድ ከዚያው ሳንርቅ አብረን ልንጎበኘው የምንችለው ቦታ አለ?

አስጎብኚው

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። መዋኛው ካለበት ምዕራባዊ የከተማው ክፍል ሳትርቁ ቁስቋምን ማየት ትችላላችሁ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያለበት ኮረብታ ነው፤ ግንቡ በአብዛኛው ቢፈርስም የቀረው ክፍል ያማረ ነው፣ ከተማውም ከላይ ሆኖ ይታያል። ጠዋት መዋኛውን፣ ፀሐይ ሳይበረታ ደግሞ ቁስቋምን ብታደርጉ ልጆቹ አይደክሙም። ዳገቱ ለእናታችን ስለሚከብድ በመኪና ውጡ። ወደ መዋኛው በባጃጅ መሄድ ይቻላል፤ በከተራ ቀን ግን መንገዱ ለሰልፉ ስለሚዘጋ በእግር ካልሆነ በስተቀር አይታሰብም።

ስለ አዳሩ የሰንበት ተማሪዋ እህታችን ብትመልስ ይሻላል። እኔ የምለው፣ ቀድማችሁ በምትመጡባቸው ቀናት ከግቢው ጠባቂዎችና ከአስተናባሪዎቹ ጋር ተዋወቁ፤ አዛውንት ይዘን እንመጣለን ብላችሁ ንገሯቸው። በበዓሉ ቀን ለማያውቁት ሰው ቦታ መፈለግ ለእነርሱም ጭንቅ ነው፤ ቀድመው የሚያውቋቸውን እናት ግን በር ላይ አያቆሙም።

የሰንበት ተማሪ

እናትዎ ማደር ከፈለጉ አይከልክሏቸው፤ ነገር ግን ብቻቸውን አይተዉአቸው። በአዳሩ ቦታ እናቶች በቡድን በቡድን ሆነው ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚቀመጡበት ስፍራ አለ፤ ምንጣፍ ወይም አነስተኛ ማጠፊያ ወንበር ይዘው ከእነርሱ መካከል ቢቀመጡ፣ ጉልበታቸውም ያርፋል፣ ጸሎቱንም በደንብ ይሰማሉ። ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብሎ በአጥሩ በኩል ባለው የዛፍ ጥላ ሥር ይሁን፤ ሲነጋ ወጣቱ ወደ ገንዳው ሲሮጥ በመንገዱ ላይ እንዳይሆኑ ነው። ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ይያዙ፤ እናትዎ ጾመው የሚያድሩ ከሆነ ግን ለልጆቹ ብቻ ይሆናል።

ቅዳሴው እስኪያልቅ ልጆቹን ይዘው አንዱ በእንቅልፍ ቢሸነፍ አይቆጡ፤ ብዙ ልጆች በእናቶቻቸው ጭን ላይ ተኝተው ነው የሚያድሩት። ወንጌሉ ሲጀመር ግን ቀስቅሷቸው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቡራኬው ያለው ጊዜ አጭር ነው። ውኃው ሲረጭ እናትዎ ካሉበት ሳይነሡ ይደርሳቸዋል፤ ካልደረሳቸውም ከአጠገባቸው ያለ ወጣት በጠርሙስ ቀድቶ እንዲያመጣላቸው ይንገሩት፣ እምቢ የሚል አያገኙም። ረፋድ ላይ ታቦታቱ ሲነሡ ግፊያው በር ላይ ስለሚበረታ፣ ሰልፉ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እስኪያልቅ እዚያው ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ማረፊያችሁ ሂዱና እናትዎ ይተኙ። ሚካኤል የሚመለሰው በማግሥቱ ነው፤ ለእርሱ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል።